ዳንኤል ሜንዶዛ፦ መክቶ መምታትን ያስተማረው የለንደን አይሁዳዊ

በዚህ እትም የአንድ ቡጢኛ የሕይወት ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ቡጢ ጠብ ነው፣ ጠብን ደግሞ ለልጆቻችን አናስተምርም የምትሉ ወላጆች ጥቂት እንደማትሆኑ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ዳንኤል ሜንዶዛ ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሳው ብዙ ሰው ስለ ደበደበ አይደለም። በጉልበትም በቁመትም ከሚበልጡት ሰዎች ፊት ቆሞ የሚሰነዘርበትን ቡጢ እንዴት እንደሚመክትና ወዲያው እንዴት መልስ እንደሚሰጥ አጥንቶ፣ ያንንም በጽሑፍና በተግባር ለሌሎች በማስተማሩ ነው። የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እዚህ አገር እንደምንጠቀምበት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሜንዶዛ በ1764 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በለንደን ከተማ ምሥራቃዊ ክፍል አልድጌት በሚባለው ሠፈር ተወለደ። ቤተሰቡ ስፋራዲም ከሚባሉት፣ አባቶቻቸው ከስፔንና ከፖርቱጋል ተሰደው ከወጡ አይሁዶች ወገን ነበር። በእንግሊዝ አገር አይሁዶች በ1290 በንጉሥ አዋጅ ተባርረው ከሦስት መቶ ስልሳ ዓመታት በላይ በግልጽ መኖር አልተፈቀደላቸውም ነበር። እንደገና መግባት የቻሉት በ1656 አካባቢ ነው። ከገቡም በኋላ ኑሯቸው የተደላደለ አልሆነም። በ1753 በእንግሊዝ የሚኖሩ አይሁዶች የዜግነት መብት እንዲያገኙ የሚያስችል ሕግ ወጥቶ ሕዝቡ ስለ ጮኸበት በዚያው ዓመት ተሰረዘ። ሜንዶዛ የተወለደው ከዚህ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ አሮጌ ልብስ ወይም ፍራፍሬ ተሸክሞ በየመንገዱ የሚሸጥ አይሁዳዊ መሰደብ፣ ጢሙን መጎተትና መደብደብ የዕለት ተዕለት ዕጣው ነበር።

ወላጆቹ ሀብታሞች አልነበሩም፤ ቢሆንም ልጃቸውን በአይሁድ ትምህርት ቤት አስተምረውታል። ባር ሚፅዋውን ካደረገ በኋላ ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ ከአንድ መስተዋት ሠሪ ዘንድ ገባ፤ ከጌታው ልጅ ጋር ተደባድቦ ወጣ። ቀጥሎም በአትክልት መሸጫ፣ በሻይ መደብር፣ በትንባሆ መደብር ሠራ። የሻይ መደብሩ ሥራ ለሕይወቱ መንገድ ከፈተለት። አንድ ግዙፍ ተሸካሚ ዕቃ አምጥቶ ከተስማሙበት በላይ ዋጋ ጠየቀና የመደብሩን ባለቤት ሊመታ ተጋበዘ። ወጣቱ ሜንዶዛ በመካከል ገባ፤ ሁለቱም ወደ ጎዳና ወጥተው ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ተደባደቡ፤ አሸናፊውም ሜንዶዛ ሆነ። በዚያ ያልፍ የነበረ ሪቻርድ ሃምፍሪስ የሚባል የታወቀ ቡጢኛ የሜንዶዛ ረዳት ሆኖ ቆሞለት ነበር። ይህ ሰው በኋላ ትልቁ ተቃዋሚው እንደሚሆን ማንም አላወቀም።

የዚያን ዘመን ቡጢ ዛሬ በቴሌቪዥን ከምናየው በጣም የተለየ መሆኑን ማስረዳት ያስፈልጋል። ጓንት የለም፤ በባዶ እጅ ነው። ዙር በደቂቃ አይለካም፤ አንዱ እስኪወድቅ ይቀጥላል፤ ከወደቀም ግማሽ ደቂቃ ያርፍና ተነሥቶ መሐል ላይ ይቆማል። መቆም ያልቻለው ተሸናፊ ነው። የወደቀን መምታትና ከወገብ በታች መያዝ በ1743 በወጣው የጃክ ብሮውተን ደንብ የተከለከለ ነበር። ከወገብ በላይ ግን ተናንቆ መጣል ይቻላል፤ ፀጉር መያዝንም ደንቡ አላነሳም። ውድድሩ በሕግ የተፈቀደ ስላልነበረ ዳኞች እንዳያስቆሙት ከከተማ ወጣ ብሎ በየገጠሩ ይደረግ ነበር፤ ሆኖም መኳንንቱ ራሳቸው ብዙ ገንዘብ ያስይዙበታል።

በዚህ ዓይነት ውድድር ላይ ሰፍኖ የነበረው አስተሳሰብ ወንድ ልጅ እግሩን ተክሎ ይቆማል፣ ይመታል፣ ሲመታም ይችላል የሚል ነበር። ወደ ኋላ ማለት እንደ ፈሪነት ይቆጠራል። እንዲህ ሲሆን የሚያሸንፈው ከባድ ሰው ነው። ሜንዶዛ ደግሞ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ፣ ክብደቱ ሰባ ሦስት ኪሎ ያህል ነበር። በዚያን ጊዜ እንደ ዛሬው በክብደት መከፋፈል ስለሌለ የሚገጥሙት ከእርሱ አሥርና ሃያ ኪሎ የሚበልጡ ነበሩ። ቡጢ ለቡጢ መለዋወጥ ለእርሱ ሽንፈት ነው። ስለዚህ ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረበት።

ከባዶ ተነሥቶ ፈጠረው ማለት ትክክል አይሆንም፤ ብሮውተንም ቢሆን ከእርሱ በፊት መመከትን ያውቅ ነበር። ሜንዶዛ ያደረገው ነገሩን ሁሉ በሥርዓት መያዝ ነው። በ1789 ስለ ቡጢ ጥበብ ባሳተመው መጽሐፍ ከሁሉ አስቀድሞ ያስቀመጠው የሰውነትን ሚዛን መጠበቅ ነው፤ ሚዛኑን የጠበቀ ሰው ወደ ፊትም ወደ ኋላም ወደ ጎንም ሊሄድ ይችላልና። ጉልበት ትንሽ ይታጠፋል፤ ሆድ ሩቅ እንዲሆን ሰውነት ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ሁለቱም ጭብጦች ከፊት ለፊት ይያዛሉ። ተጋጣሚ በግራ እጁ ሲመታ በቀኝ ክንድ፣ በቀኙ ሲመታ በግራ ክንድ ይመከታል። ይህ ለጀማሪ ግር ሊለው ይችላል፤ ነገር ግን ፊት ለፊታችሁ የቆመ ሰው ግራ እጁ በእናንተ በቀኝ በኩል እንደሚመጣ ብታስቡት ግልጽ ይሆናል። ቅርቡ ክንድ ይመክታል፤ እጅ በእጅ ላይ አይጠላለፍም፤ ሌላው እጅ ነፃ ይሆናል።

ዋናው ነገር ያ ነፃ የቀረው እጅ ነው። የሚመታ ሰው ለጥቂት ጊዜ ራሱን ያጋልጣል። ክንዱ ተዘርግቷል፤ ክብደቱ ወደ ፊት ሄዷል፤ በዚያ በኩል ያለው ጎኑና አገጩ ጠባቂ የላቸውም። እጁን መልሶ እስኪሰበስብ ድረስ ያለው ጊዜ ዓይን ከመርገብ ብዙም አይበልጥም። መልሱ መሄድ ያለበት በዚያች ቅጽበት ነው። መክቶ፣ ቆሞ፣ አስቦ፣ ከዚያ ልምታ የሚል ዘግይቷል። በትር ይዞ ያደገ እረኛ ይህን ያውቀዋል፤ የመጣበትን በትር በበትሩ ካገኘው በኋላ እዚያው ላይ አያርፍም። ከዚህ በተጨማሪ ሜንዶዛ አንድ እርምጃ ወደ ጎን መውጣትን ያዘወትር ነበር። ያ ሁሉ ኃይል አየር ላይ ሲቀር መቺው ራሱ ሚዛኑን ያጣል፤ ሜንዶዛም ከጎኑ ሆኖ ያገኘዋል።

ትምህርቱ የሚሰጠው እንደ ሰይፍ ትምህርት ነበር። አስተማሪው አስቀድሞ የታወቀ አንድ ምት ይሰነዝራል፤ ተማሪው ይመክትና ይመልሳል፤ ከዚያም አስተማሪው የተማሪውን መልስ ይመክታል። በቀስታ፣ ደጋግሞ፣ አንዱ ሳይለመድ ወደ ሌላው ሳይታለፍ። ዛሬም በየቦክስ ክለቡ አሠልጣኙ ይህንኑ ነው የሚያደርገው፤ የጀማሪዎቹም ስሕተት ያው ነው። ቡጢ ሲመጣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ክንዳቸውን ወደሚመጣው ቡጢ በጣም ርቀው ይልካሉ፤ ተጋጣሚው ካታለላቸው ፊታቸው ባዶ ይቀራል። ሊመልሱ ሲሉ ደግሞ የመከተውን እጅ ያወርዱታል። ይህን የሚያስተካክለው ጉልበት ሳይሆን ልምምድ ስለሆነ ቀጭኑም ልጅ ሊማረው ይችላል። በእኛ አስተያየት የሜንዶዛ ትልቁ ሥራ ይህ ነው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ሚያዝያ 1787 ባርኔት በሚባል ቦታ ሳም ማርቲን የተባለውን የታወቀ ቡጢኛ ሲያሸንፍ አልጋ ወራሹ ሳይቀር ተመልካች ነበር። በዚሁ ዓመት አስቴር የምትባል ሴት አገባ። ቡጢውን እንደሚተው ቃል ገብቶላት ነበር፤ ነገር ግን በመካከሉ ከሃምፍሪስ ጋር የነበረው ወዳጅነት ወደ ጠብ ተለውጦ ስለ ነበር ይህ ሳይፈጸም አልተውም አለ።

ሁለቱ የተገናኙት ጥር 9 ቀን 1788 ኦዲሃም በተባለ ቦታ ነበር። ዝናብ ስለ ዘነበ የመድረኩ ሳንቃ ያንሸራትት ነበር። በእግሩ ለሚጠቀም ሰው ከዚህ የከፋ ነገር የለም። መጀመሪያ ላይ ሜንዶዛ በልጦ ታየ፤ በኋላ ግን ወድቆ እግሩን ተጎዳና ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ ግጥሚያ በኋላ መቆም አቅቶት ተሸነፈ። ይህ ሽንፈት ብዙ ነገር አስከተለ። የተወራረዱበት አይሁዶች ገንዘባቸውን አጡ፤ ወደ ኋላ የሚል ሰው መጨረሻው ይኸው ነው የሚሉም ደስ አላቸው። ሜንዶዛና ሃምፍሪስ በጋዜጣ ደብዳቤ እየተጻጻፉ ይከራከሩ ጀመር፤ አገሩም ክርክራቸውን እንደ ተከታታይ ልብ ወለድ ይጠብቅ ነበር።

ሁለተኛው ግጥሚያ ግንቦት 6 ቀን 1789 ስቲልተን በሚባል መንደር ሆነ። ለተመልካች የሚሆን ትልቅ የእንጨት ክብ ተሠርቶ ነበር። አስቀድመው በተስማሙበት መሠረት ሳይመታ የወደቀ ተሸናፊ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሃምፍሪስ የሚልከው ሁሉ ክንድ ላይ እየቀረ፣ መልሱ ደግሞ ፊቱ ላይ እያረፈ መጣ። በመካከል ሃምፍሪስ ወደቀ፤ የሜንዶዛ ወገኖች ምት ሳያገኘው ነው የወደቀው አሉ፤ የሃምፍሪስ ወገኖች የለም መክቶ ነው አሉ፤ ረዳቶቹም እርስ በርሳቸው ሊጋጩ ደረሱ። ሜንዶዛ በክርክር ማሸነፍ አልፈለገም፤ ተመልሶ ገባ። ከዚያ በኋላ ሃምፍሪስ ያለ ምት እንደገና በመውደቁ ነገሩ አለቀ። መስከረም 1790 ዶንካስተር ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ተጋጥመው ሜንዶዛ በማያጠራጥር ሁኔታ አሸነፈ።

እነዚያ ዓመታት የክብሩ ዘመን ነበሩ። ሥዕሉ በየሱቁ ይሸጥ ነበር፤ በገንቦና በኩባያ ላይ ሳይቀር ይታተም ነበር። በለንደን የገንዘብ ገበያ አጠገብ ኬፕል ኮርት በሚባል ቦታ ትምህርት ቤት ከፍቶ ያስተምር ነበር፤ በቲያትር ቤትም ጥበቡን ለሕዝብ ያሳይ ነበር። በ1792 ክሮይደን አካባቢ ቢል ዋርን አሸንፎ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ተባለ። እንግዲህ ይህ ስደተኛ ከሚባል ወገን የመጣ፣ ራሱንም በየአደባባዩ አይሁዳዊው ሜንዶዛ ብሎ የሚያስጠራ ሰው ነው።

ለእኛ ግን ከሻምፒዮንነቱ የበለጠ የሚስበን በመንገድ ላይ የሆነው ነው። በዚያው ዘመን በለንደን የኖረ ፍራንሲስ ፕሌስ የሚባል የታወቀ የፖለቲካ ሰው በኋላ በጽሑፉ እንደ መሰከረው፣ በልጅነቱ አይሁዳዊ በጎዳና ላይ ሲንገላታ ማየት የተለመደ ነበር፤ ሜንዶዛ ትምህርት ቤት ከከፈተና አይሁድ ወጣቶች መከላከልን ከተማሩ በኋላ ግን ይህ እየቀረ ሄደ። ፕሌስ ራሱ አይሁዳዊ አልነበረም። ነገሩን ስናጤነው ለውጡን ያመጣው እያንዳንዱ ተሳዳቢ በቡጢ መመታቱ አይመስለንም፤ ያ የሚሰደበው ሰው ምናልባት የተማረ ሊሆን ይችላል የሚለው ጥርጣሬ ብቻ ብዙውን እጅ ሳይመልሰው አልቀረም። ሳሙኤል ኤልያስን የመሰሉ ሌሎች ታላላቅ አይሁድ ቡጢኞችም ከዚያው ከምሥራቅ ለንደን ተነሥተዋል።

ሚያዝያ 15 ቀን 1795 ሆርንቸርች ላይ ከጆን ጃክሰን ጋር ተጋጠመ። ጃክሰን በዕድሜ አምስት ዓመት የሚያንስ፣ በቁመት ግን በአሥር ሳንቲሜትር፣ በክብደት በሃያ ኪሎ ያህል የሚበልጥ ሰው ነበር። ሜንዶዛ ረጅም ፀጉር ነበረው። ጃክሰን በአንድ እጁ ፀጉሩን ጨብጦ ይዞ በሌላው ፊቱን ደበደበው። የተያዘ ሰው ወደ ጎን ሊወጣ አይችልም፤ የመመከቱ ጥበብ ሁሉ በእርምጃ ላይ የቆመ ስለ ነበር እዚያው ላይ ፈረሰ። ግጥሚያው ከአሥራ አንድ ደቂቃ ሳያልፍ ተፈጸመ። የሜንዶዛ ወገኖች ቢጮኹም በደንቡ ያልተከለከለ ነው ተብሎ ውጤቱ ጸና። ከዚያ በኋላ ቡጢኞች ፀጉራቸውን ያሳጥሩ ጀመር ይባላል። ጃክሰን በዚያ ድል ስም አግኝቶ በለንደን ቦንድ ስትሪት ለመኳንንት ቡጢ የሚያስተምርበት ቤት ከፈተ፤ ባለቅኔው ሎርድ ባይረንም ተማሪው ነበር፤ በድሎትም ኖረ።

የሜንዶዛ ዕድል ሌላ ሆነ። ገንዘብ በእጁ አይቆይም ነበር፤ ከአስቴር የወለዳቸው ልጆችም አሥራ አንድ ነበሩ። በዕዳ ምክንያት ታሰረ። ለጦር ሠራዊት ወጣቶችን መመልመል፣ በዋይትቻፕል መጠጥ ቤት መያዝ፣ እየዞረ ማስተማርና ማሳየት፣ ሁሉንም ሞከረ። በ1806 በአርባ አንድ ዓመቱ ተመልሶ ሃሪ ሊ የተባለውን ሰው ከሃምሳ ዙር በላይ ታግሎ አሸነፈ፤ ያ ግን ዕዳን የሚከፍል አልነበረም።

ስሙን ያጎደፈው ነገር የተፈጸመው በ1809 ነው። ኮቨንት ጋርደን የሚባለው ትልቅ ቲያትር ቤት ተቃጥሎ እንደገና ከተሠራ በኋላ የመግቢያ ዋጋ ተጨመረ። ተራው ሕዝብ በድሮው ዋጋ ካልሆነ ብሎ በየሌሊቱ እየገባ ይጮኽና ትርኢቱን ያውክ ነበር። የቲያትሩ አስተዳዳሪ ጆን ኬምብል ሕዝቡን ጸጥ እንዲያሰኙለት ሜንዶዛንና ሌሎች ቡጢኞችን፣ ከነዚህም ብዙ አይሁዶችን፣ በገንዘብ ቀጠረ። እነርሱም ተመልካቹን ደበደቡ። ኬምብል በመጨረሻ ይቅርታ ጠይቆ ዋጋውን ሲቀንስ እርሱ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ቁጣው ግን በተቀጠሩት ላይ ቀረ። በቲያትሩ ውስጥ በተሰቀሉ ጽሑፎችና በጋዜጦች ስድቡ በሜንዶዛ ላይ ብቻ ሳይሆን በአይሁዶች ሁሉ ላይ ወረደ። ችግረኛ እንደ ነበር እናውቃለን፤ የሚያበላው ቤተሰብ ነበረው። ቢሆንም ደካማው በጠንካራው ፊት እንዴት እንደሚቆም ሲያስተምር የኖረ ሰው ለባለ ገንዘብ ብሎ በድሆች ላይ እጁን ማንሣቱ የታሪኩ አሳዛኝ ክፍል ነው፤ ልናልፈውም አልወደድንም።

በ1816 የራሱን የሕይወት ታሪክ ጽፎ አሳተመ። ስለ ልጅነቱ የነገርናችሁ አብዛኛው የሚታወቀው ከዚያ መጽሐፍ ነው። በ1820 ዕድሜው ከሃምሳ አምስት ዓመት በላይ ሳለ ቶም ኦውን ከተባለ ሰው ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ተጋጥሞ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ አሥራ ስድስት ዓመት ኖረና መስከረም 3 ቀን 1836 በሰባ ሁለት ዓመቱ እዚያው በተወለደበት በምሥራቅ ለንደን በድህነት ሞተ።

የተቀበረው ማይል ኤንድ በሚባል ሠፈር ባለው የስፋራዲም መቃብር ነው። ያ ቦታ በኋላ ወደ ኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በመግባቱ በ1970ዎቹ ዓመታት ብዙው አፅም ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል። በ2008 በዚያው ግቢ ለሜንዶዛ የነሐስ መታሰቢያ ተደርጎለታል። እዚህም በእስራኤል፣ ኔታንያ አጠገብ በሚገኘው በዊንጌት የስፖርት ተቋም፣ ከመላው ዓለም የተመረጡ አይሁዳውያን ስፖርተኞች በሚታሰቡበት አዳራሽ ስማቸው ከተመዘገበው አንዱ እርሱ ነው።